ለልጆቿ ስትል ትቻል ወይስ ይዛቸው ትውጣ?

የፍራንኮዋ (ከአዳማ ፍራንኮ ሰፈር)፦ ትናንት አንዱ ወንድማችን "የወለደች ሴት ቢመታትም ትቻል፣ ልጅ ያለ አባት አያድግም" ብሎ ፖስት አድርጎ ስንቱ ላይክ አደረገው፣ እኔ በጭራሽ አልስማማም። የጎረቤቴ ልጅ ገና ኬጂ ነው፣ ማታ የአባቱ ባጃጅ ድምፅ በር ላይ ሲሰማ ቲቪውን አጥፍቶ አልጋ ስር ይገባል። ይሄ ነው አባት ያለው ቤት?

ባለሱቁ፦ እህቴ ማንም ይምታት አላለም። ግን ልጆች ይዛ የት ትገባለች? አከራዩ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ባልሽስ ነው። ሽማግሌ ይግባ፣ ትዳር በአንድ ቀን ጠብ አይፈርስም።

የሁለት ልጆች እናት፦ አንድ ቀን ማን አለህ ወንድሜ። እኔ ስንቴ ታርቄ ተመልሻለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጥተው መርቀው ይሄዳሉ ከዛ ማታ ገመናዬን አወጣሽ ብሎ የሚደበድበው እኔን ነው፣ በሳምንቱ ደውሎ እንዴት ነሽ ያለኝ አንድም የለም። ያቆየኝ ደሞ "ቤቱም ባጃጁም በስሜ ነው፣ ልጆቹንም አታገኚም፣ ባዶ እጅሽን ነው ምትወጪው" የሚለው ነገር ነው።

ጠበቃው፦ ውሸቱን ነው! ትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በሱ ስም ቢሆንም የግሌ ነው ብሎ ካላስረዳ የጋራ ነው፣ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም በኦሮሚያውም። ልጆቹ ማን ጋ ይሁኑ የሚለውን ፍርድ ቤት ነው ሚወስነው፣ ሚያየውም የነሱን ጥቅም ነው፣ አባት ደሞ ቀለብ ይከፍላል። ሚስት መምታት ደሞ ወንጀል ነው፣ የ1997ቱ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 564። ስትመታ ሐኪም ቤት ሄዳ ማስረጃ ትያዝ።

ባለሱቁ፦ ሕጉ ጥሩ፣ እስኪወሰን ማታ የት ትደር ነው ጥያቄዬ።

የፍራንኮዋ፦ ልክ ነህ ይሄ ነው ከባዱ። እዚሁ አዳማ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር መጠለያ አለው፣ ግን በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ካገቡ ሴቶች 34 በመቶው በባል ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል፣ ይሄን ሁሉ የትኛው መጠለያ ይችላል? እኛው ነን ምንችለው። ደሞ እባካችሁ ልትወጣ ነው ብላችሁ ወሬ አታውሩ፣ ልትሄድ መሆኑን ሲያውቅ ነው እጁ ይበልጥ ሚከፋው፣ ለሕይወቷም ሚያሰጋው ያኔ ነው። ባለሱቁ፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬትና ልብሳቸውን በፌስታል አንተ ጋ ላስቀምጥ ብትልህ ለሱ ሳትናገር ታስቀምጥላታለህ?

ባለሱቁ፦ አስቀምጥላታለሁ። ሽማግሌ ግን አሁንም ይቅደም ባይ ነኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እንግዲያው ሽማግሌ ስትሆን እሷን ለብቻዋ አስቀምጠህ ጠይቃት፣ እሱ ባለበት እውነቱን አትነግርህም።