ከየትኛው ወጪ ልቀንስ?

የምንኖረው ደሴ ነው፤ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ይሠራል። በወር 15,000 ብር እጄ ላይ ያስቀምጣል። ሁለት ልጆች አሉን። አሥራቱን 1,500 አስቀድሜ አወጣለሁ። ቤት ኪራይ 4,000፣ ዕቁብ 3,000፣ የልጆች ትምህርት ቤት 1,800፣ የባለቤቴ ትራንስፖርት 1,500። ለአስቤዛ 3,200 ይተርፈኛል። ጾም ሲሆን ትንሽ ይሻላል፤ በፍስክ ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

ብሩን በየፖስታው ከፋፍዬ ሞከርኩ። ደብተር ላይም እጽፋለሁ። ባለፈው ወር ትንሹ ልጄ ታሞብኝ የዕቁቡን ፖስታ ነካሁት። ዕቁቡን ለመክፈል ከጎረቤት 3,000 ብር ተበደርኩ። ዕጣው ገና አልደረሰኝም፤ ዕቁቡ ሊያልቅ 5 ወር ይቀረዋል።

ባለቤቴ «ዕዳው እስኪከፈል አሥራቱን እናቆየው» ይላል። ቃሉን መግፋት አልፈልግም፤ ልቤ ግን እሺ አላለኝም። እናንተ ብትሆኑ አሥራቱን ሳትነኩ ዕዳውን ከየትኛው ወጪ ቀንሳችሁ ትከፍሉ ነበር?