ሐረጎ ላይ እጠፋለሁ፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች። ደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሰሞኑን ከምሳ በኋላ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ጥፍት እላለሁ። ዓይኔ እንደተገለጠ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ረዳቴ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጋሼ፣ መስመሩን!» ሲለኝ ነው የነቃሁት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰከንድ ማለት 50 ሜትር ነው። ገደሉ ያን ያህልም አይርቅም።

ዶልፊን ግማሽ አንጎሉን አስተኝቶ በግማሹ ይዋኛል አሉ፤ እኔ አልታደልኩም። ቡናም ጫትም ሞክሬያለሁ፤ ጫቱ ጭራሽ የሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ሚስቴ በኃይል እንደማንኮራፋ፣ አንዳንዴም ትንፋሼ ቆም እንደሚል ነግራኛለች። ይሄ ይገናኝ ይሆን? ደሴ ውስጥ የትኛውን ሐኪም ልይ፣ የአንገት በላይ ወይስ የውስጥ ደዌ? መኪናውን ለሁለት ቀን ለሌላ ሹፌር ሰጥቻለሁ። ከዚያ በላይ ባለቤቱ አይታገሠኝም።