ክርክር፦ ምግብ ማብሰል ትምህርት ቤት ውስጥ ግዴታ ይሁን ወይስ ለቤት ይተው?

አድሚን፦ እሺ ቤተሰብ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ቀላል የቤት ምግብ፣ ማለትም ወቅቱ ባመጣው ነገር ለቤተሰብ ወይ ለምንወደው ሰው የምንሰራው፣ እሱን መስራት እንደ ሒሳብና ሳይንስ ለሁሉም ልጅ በግዴታ ይሰጥ ወይስ የቤት ጉዳይ ስለሆነ ቤት ይማሩት? ስድብ የለም፣ የ5 ደቂቃ ቮይስ የሚልክም አይሰማም።

የማታው ሼፍ፦ ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ። ዲግሪ ይዞ፣ ስራ ይዞ፣ የሚወዳት ሰው ታማ ስትተኛ አንድ ሰሃን ሾርባ ሰርቶ ማቅረብ የማይችል ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። ፍቅር ሳይጎድለው እኮ ነው፣ እጁ ስለማያውቅ ነው ስልኩን አንስቶ የሚያዘው። ቤት ይማሩ ትላላችሁ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማታ ደክሞት ነው የሚገባው፣ ማን ቆሞ ያስተምር?

ተቃዋሚው፦ ሼፍ ወንድሜ፣ ትምህርት ቤት የነካው ነገር ሁሉ ፈተና ይሆናል። «ከሚከተሉት ውስጥ አትክልት ያልሆነው የቱ ነው» ይመጣና ልጁ 90 ደፍኖ ቤቱ ሲገባ እንቁላል መቀቀል ያቅተዋል። ደግሞ ለሰው ምግብ መስራት ማለት ያ ሰው ዛሬ ምን ሆኖ ነው የመጣው፣ በርዶታል ወይስ ሆዱን ብሶታል፣ የሚለውን ማየት ነው፣ ይሄን የሚያይ ሲለበስ (የትምህርት ዝርዝር) ከየት ይመጣል? ጎን ቆመህ ድስቱን እያየህ ነው የምትማረው፣ በቃ።

ዝምተኛዋ፦ ብዙ ጊዜ አልጽፍም ግን ይሄ «የቤት ጉዳይ» የምትሉት ነገር ሲተረተር የሴት ልጅ ጉዳይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን አይደል? ድስቱ ጎን የሚቆመው ማነው፣ ወንድሟ ኳስ ሲያይ እሷ ናት። ጃፓን በፊት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይሄን ትምህርት ግዴታ ያደረገው ሴቶች ላይ ብቻ ነበር፣ ከዛ እ.ኤ.አ. 1993 መካከለኛ ደረጃ ላይ 1994 ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለወንዱም ለሴቷም እኩል አደረጉት። ፊንላንድም ወንድ ሴት ሳይሉ 7ኛ ክፍል አካባቢ ሁሉም ይማረዋል። ለቤት ይተው ማለት ባለበት ይቀጥል ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ተቃዋሚው፦ እህቴ እሱ ላይ አልከራከርሽም፣ ልክ ነሽ። ግን መፍትሄው ወንዱን ኩሽና ማስገባት ነው እንጂ ኩሽናውን ክፍል ውስጥ ማስገባት ነው ወይ?

መምህር ነኝ፦ እኔ ሁለታችሁም ያልነካችሁትን ላንሳ፣ ክፍል ውስጥ የምውለው እኔ ስለሆንኩ። ቢላ አለ፣ እሳት አለ፣ የፈላ ውሃ አለ፣ አንድ አስተማሪ ይሄን ሁሉ ልጅ ብቻውን አይጠብቅም። ከዛ ደግሞ ዋናው፣ አስቤዛውን ማን ይገዛል? ልጆች ከቤት ይዘው ይምጡ የተባለ ቀን አለቀ፣ አንዱ ስጋ ይዞ ይመጣል ሌላው ምንም የለውም ስለዚህ ያን ቀን አሞኛል ብሎ ይቀራል። ይሄን ልጅ ነው ማሰብ ያለብን፣ ምግብ ለመማር ብሎ አንገቱን የሚደፋውን። ስለዚህ እኔ የምስማማው ትምህርት ቤቱ ራሱ ከገዛ ብቻ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ከገዛ ደግሞ ያው በዛን ሰሞን የረከሰውን ነው የሚገዛው፣ ወቅትን ያኔ ልጆቹ ሳይነገራቸው ይማሩታል።

የማታው ሼፍ፦ መምህር እጅህ ይባረክ፣ የመጨረሻዋ ሀሳብ ልቤን ነው የመታችው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2014 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ምግብ ማብሰልን ስርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ሲያስገቡ ምግብ በየትኛው ወቅት እንደሚደርስ ማወቅ የሚለውን በግልፅ ጽፈውታል።

ተቃዋሚው፦ መጻፍማ ሁሉም ይጽፋል።

ቀልቤ፦ ቆይ ግን ይሄን ወቅት ወቅት የምትሉትን ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጉት። ፍሪዝ የተደረገ አተር እኮ ከማሳ በተሰበሰበ በሰዓታት ውስጥ ፈላ ውሃ ነክቶት ነው የሚቀዘቅዘው፣ ቫይታሚን ሲው ቀናት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ከዋለው «ትኩስ» አተር የተሻለ ሊሆን ይችላል። ከስራ የገባች እናት ከፍሪዘር አተር አውጥታ ሾርባ ስለሰራች ለልጆቿ አታስብም ልትሏት ነው? ከቅርብ የመጣ ሁሉ ለአካባቢ ጥሩ ነው የሚባለውም እንደዛው፣ በብርድ ወቅት በማሞቂያ ያደገ የቅርብ ቲማቲም ከሩቅ ፀሐይ ላይ በስሎ ከመጣው የበለጠ ጉልበት ሊበላ ይችላል።

የማታው ሼፍ፦ ፍሪዘሩን ማን ከለከለ ቀልቤ? እኔ የምለው የቲማቲም ሰሞን ሲሆን ልጁ ቲማቲም ይወቅ ነው። ሙሉ ለሙሉ የበሰለውን ይለይ፣ ያልበሰለውን ፍሪጅ እንዳይከት ይወቅ፣ ከ12 ዲግሪ በታች ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ ይሄዳል። ሰሞኑ ሲያልፍ ደግሞ ደረቅ ጥራጥሬ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን አለ፣ እነዚህን ይዞ ሞቅ ያለ ነገር መስራት ይቻል።

ሳይንስ ወዳድ፦ እኔ ደግሞ ቤት ያልተማርነው ነገር አለ ባይ ነኝ፣ ተቃዋሚው ይሄን ስማኝ። ቀይ ባቄላ፣ ያ ኩላሊት የሚመስለው፣ በደንብ ካልፈላ ያስመልሳል፣ ውስጡ መርዛማ ፕሮቲን አለው፣ በትንሽ እሳት ቀስ ብሎ የሚያበስል ማሽን ውስጥ ጥሬውን ብትከተው ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀር እንዲያውም ከጥሬው ሊብስ ይችላል፣ ስለዚህ ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፈህ ውሃውን ደፍተህ በአዲስ ውሃ እያንተከተክህ ታፈላዋለህ፣ 10 ደቂቃ ዝቅተኛው ነው 30 ከሆነ ደግሞ ልብህ ያርፋል፣ ከዛ በኋላ ነው እሳቱን የምትቀንሰው። ቲማቲሙን ደግሞ ባቄላው ከለሰለሰ በኋላ ጨምር፣ አሲድ ካገኘው ቶሎ አይለሰልስም፣ ስንቱ ሰው ነው ሁሉንም አንዴ ዶሎ «ይሄ ባቄላ አልበስል አለ» እያለ ጋዝ የሚጨርሰው። የተረፈው ምግብስ? ትልቁን ድስት እንዳለ ምድጃ ላይ አሳድሮ ጠዋት ማሞቅ ልማድ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሀል ባክቴሪያው ይራባል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠፍጣፋ እቃ ላይ አከፋፍለህ ፍሪጅ መክተት አለብህ። ሩዝ ላይማ ማሞቁም አያድንም ምክንያቱም አንዴ የወጣው መርዝ በሙቀት አይጠፋም። ይሄን የትኛዋ እናት ነግራሃለች?

ተቃዋሚው፦ እናቴ ሽታውን አሽትታ ትደፋው ነበር።

ሳይንስ ወዳድ፦ ችግሩ እኮ እሱ ነው፣ በሽታን የሚያመጣው ሁልጊዜ አይሸትም። ፍቅር ያለበት ምግብ ሰው አያሳምምም ያለው ማነው?

ተቃዋሚው፦ እሺ የባቄላዋን ተቀብያለሁ። ግን ይሄ የሁለት ሳምንት ስልጠና ነው፣ የዓመታት ትምህርት አይወጣውም። ቀሪውን ጊዜ ምን ልታደርጉበት ነው፣ የኬክ ክሬም ልታስጌጡ?

መምህር ነኝ፦ ኬክ እንዳትነኩ! እውነቴን ነው፣ ኬክ ፎቶው ያምራልና ዝግጅት ሲኖር ሁሉም ወደሱ ነው የሚሮጠው፣ ማታ ግን ኬክ እራት አይሆንም። ልጁ አምስት ስድስት የእራት ምግብ ደጋግሞ ይስራ፣ የምስር ሾርባ ይሁን የድንች ይሁን፣ ሽንኩርቱን በትንሽ እሳት ታግሶ ውሃው ወጥቶ ሳያር እስኪጣፍጥ ማብሰል ብቻውን ስንት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። ወጣቶቹ ሁልጊዜ እሳት ይጨምራሉ፣ ጠርዙ ይጠቁራል መሀሉ ጥሬ ይሆናል። ይሄ ደግሞ በንግግር አይገባም፣ በእጅ ነው።

ዝምተኛዋ፦ ማርክ መስጠቱስ?

መምህር ነኝ፦ ማርክ አይኑረው። ገብቶ ሰራ ወይስ አልሰራም፣ በቃ። ማርክ ከገባበት የተቃዋሚው ትንቢት ይፈጸማል።

ቀልቤ፦ ማርክ የሌለውን ሲለበስ ወላጅ ይንቀዋል፣ ልጁን «ተወውና ሒሳብህን ስራ» ይለዋል። ማርክ ይኑረው ግን በወረቀት ፈተና አይሁን፣ ሰርቶ ያሳይ።

መምህር ነኝ፦ እሱም እውነት ነው እንግዲህ። ይሄን አላሰብኩትም ማለት ሳይሆን መልስ የለኝም።

አድሚን፦ ድምፅ መስጫው ፖል ላይ ሶስተኛ ምርጫ ጨምሬያለሁ፣ «ግዴታ ይሁን ግን አስቤዛው በትምህርት ቤቱ፣ የወረቀት ፈተና የሌለው» የሚል። እስከ ነገ ማታ ክፍት ነው።

ተቃዋሚው፦ ሶስተኛውን መረጥኩ፣ እንዳትስቁብኝ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፣ እቃ ማጠቡ ከክፍለ ጊዜው ውስጥ ይሁን፣ ወንዶቹም ይጠቡ።

ዝምተኛዋ፦ እሱንማ መጀመሪያ ጻፈው ብዬህ ነበር በውስጥ መስመር 😂