የቤን ኩፐር ሳጥን ሴሎፎኑ ተሰነጣጥቋል፤ ልቀይረው?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ሰላም ለሁላችሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት አረጋዊት ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ሲሸጡ፣ ለሃሎዊን በዓል የልጆች ልብስና ጭምብል ይሠራ የነበረው የቤን ኩፐር ኩባንያ ሥራ የሆነ የአጽም ልብስ ከነሳጥኑ ገዛሁ። ጭምብሉ ደህና ነው፤ ልብሱም የተለበሰ አይመስልም። የሳጥኑ አንድ ጥግ ግን ተቀዷል፣ ውስጡን የሚያሳየው የመስኮቱ ስስ ሽፋን (ሴሎፎን) ቢጫ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፣ የመደብር ዋጋ ወረቀትም ተለጥፎበታል። ባለቤቴ ሳጥኑን ጥዬ ጭምብሉን ግድግዳ ላይ እንድሰቅለው ትፈልጋለች። ሴሎፎኑን በአዲስ ብተካውስ?

ሰብሳቢዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እባክዎ አይጣሉት! እነዚህ ልብሶች በርካሽ ይሸጡ ስለነበር፣ ልጁ በሃሎዊን ዕለት፣ ኦክቶበር 31 ማታ፣ ለብሶ ሲወጣ ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ውስጥ ይገባ ነበር። ጭምብል ብቻውን ዛሬም ይገኛል፤ ደህና ሳጥን ግን ብርቅ ነው። የብሩክሊኑ ቤን ኩፐር በ1992 ሩቢስ ለተባለ ሌላ የበዓል ልብስ ኩባንያ ተሽጧል፤ የድሮው ሳጥን ከእንግዲህ አይታተምም። ደግሞም ጭምብሉ በመስኮቱ በኩል ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ እንዲታይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ያንን እይታ ማፍረስ ለእኔ የዕቃውን ግማሽ መጣል ነው።

ሴሎፎኑን አይተኩት። የተሰበረውንም ቁራጭ ፖስታ ውስጥ ያኑሩት። የግድ ከተኩት ግን ሲሸጡ ለገዢው ይንገሩት፤ ይህን መደበቅ ማታለል ነው። የተቀደደውን ጥግ በስኮች አይለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ካርቶኑ ውስጥ ይሰርጋል። ቀጭን የጃፓን ወረቀት ከውስጥ በኩል በስንዴ ስታርች ሙጫ ይለጥፉበት፤ ይህ በኋላ በውኃ ሊነሣ ይችላል። የዋጋውን ወረቀትም አይንኩት፤ የት እንደተሸጠ የሚናገረው እሱ ነው።

ምድር ቤት አያስቀምጡት። የእኛ አካባቢ የሞቃቱ ወራት እርጥበት ካርቶን ያሻግታል፣ ወረቀት በል ነፍሳትም ይጠራል። አሲድ አልባ ስስ ወረቀት አልብሰው መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት።

ከዳላስ
ከላቴክስ (ከስስ ጎማ) የተሠራ ጭምብልም ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ ከተባለ ግን አልስማማም። ላቴክስ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ከከረመ መጨማደዱ አይለቅም፤ እኔ የራስ ቅርጽ ላይ አድርጌ ከብርሃን አርቃለሁ። የቤት ዕቃና የግንባታ ቁሳቁስ መደብሩ ሆም ዲፖ በ2020 በ299 ዶላር ያወጣው ባለ 12 ጫማ አጽም ደግሞ ሳጥኑ ጋራዡን ሞላው። እሱንም ላቆየው?

ሰብሳቢዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ስለ ላቴክሱ ልክ ብለዋል፤ የላቴክስ ጭምብል ለብቻው፣ ሳጥኑ ለብቻው ይቀመጥ። የአጽሙን ሳጥን በተመለከተ፣ ሊሸጡት ካሰቡ ያቆዩት። ያለ እሱ ይህን የሚያህል ዕቃ ጠቅልሎ መላክ መከራ ነው። ቦታ ካጣችሁ ካርቶኑን በመገጣጠሚያው ፈታችሁ ጠፍጣፋ አድርጉት እንጂ አትቁረጡት፤ የመገጣጠሚያ መመሪያውንም አብራችሁ አስቀምጡ።

የአሌክሳንድሪያው፣ የሳጥኑን ጎን ፎቶግራፍ ቢያስቀምጡልን ደስ ይለኛል። መጠኑን የሚገልጸው ጽሑፍ ውስጥ ካለው ልብስ ጋር መግጠሙን አብረን እንመልከት፤ ልብስና ሳጥን ተቀያይረው የሚሸጡበት ጊዜ አለ።