ወንድሜን ቤት ዘግቼ መጠጥ ላስተወው?

የሽሮ ሜዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ሸማኔ ነው። ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መወርወሪያው ይወድቅበታል። እናታችን ስታርፍ እንባ አልወጣውም። ድንኳን ሲተክል፣ እንግዳ ሲያስተናግድ ሰነበተ። አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው መጠጡን ያበዛው። ዘመዶች «ቤት ዝጊበት፣ በሳምንት ይለቀዋል» ይሉኛል። ጸበል እንውሰደው የሚሉም አሉ። ምን ላድርግ?

ነርሷ፦
እህቴ፣ እባክሽ እንዳትዘጊበት! እጁ የሚንቀጠቀጠው ሰውነቱ አልኮሉን ስለለመደ ነው። በድንገት ሲቋረጥበት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ይሄ ሰው ይገድላል። ሐኪም ቤት እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት እየተቀነሰ ይሰጠዋል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ያስፈልገዋል። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ግን የመጠጥ ሱስም እዚያ ይታከማል፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጸበሉንም ከፈለገ ይጠመቅ፣ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ።

የጎንደሩ፦
የወንድምሽ ነገር ልቤን ነካው። እኔም አባቴ ሲሞት «ወንድ ልጅ ነህ፣ እናትህን አጽናና» ተባልኩ። አጽናናሁ። የራሴ ለቅሶ ውስጤ ቀረ። ማታ ማታ ሲነሳብኝ በጂን ዝም አሰኘው ነበር። ጠዋት ሐዘኑ እዚያው ይጠብቀኛል፣ ሀፍረት ተጨምሮበት። ሀፍረቱን ለመርሳት ደግሞ እንደገና እጠጣለሁ።

መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን አቆመልኝ። የመጠጣት አምሮቱ ግን አልሄደም። አንድ ቀን አማካሪዬ «አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለችኝ። ከቀብሩ ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ ጋቢያቸው፣ ሬዲዮ ሲሰሙ ስለሚያሰሙት ሳል ሳወራ አለቀስኩ። መቅለል የጀመረኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም ስለ መጠጡ ብቻ አትጨቅጭቂው። ስለ እናታችሁ አውሪው፣ ሞቅ ሳይለው። ካለቀሰም «አይዞህ፣ በቃ» ብለሽ አታስቁሚው።

የሽሮ ሜዳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰኞ ከሥራ ቀርቼ አብሬው እሄዳለሁ። እስከዚያ ልከልክለው?

ነርሷ፦
ሐኪም እስኪያየው በድንገት አታስቁሚው። ደህና ምግብና ውኃ ስጪው። ስትሄዱ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓት ንገሪያቸው። ከዚህ በፊት ጥሎት የሚያውቅ ከሆነም እንዳትደብቂ። ከዛሬ ጀምሮ መቃዠት ካሳየ ወይም ከጣለው ግን ሰኞን አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።