የዶርዜን ዳገት በብስክሌት የምታውቁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። ከባለቤቴ ጋር አርባ ምንጭ ላይ የአምስት ቀን የብስክሌት ጉዞ ይዘናል። አስጎብኚ አለን። የጨነቀኝ የዶርዜ ዳገት ነው። ከተማው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዳገቱ የሚያደርሰን ጨንቻ ደግሞ 2,700 ይደርሳል። ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል። ግን የአባያንና የጫሞን ሐይቆች፣ መሃላቸው ያለውን የእግዜር ድልድይ የሚሉትን መሬት ከላይ ሆና እንድታይልኝ በጣም እፈልጋለሁ። አስጎብኚው "ቀስ እያላችሁ ትወጡታላችሁ" ይላል። እኔ በመኪና ወጥተን በብስክሌት ብንወርድ ይሻላል ባይ ነኝ። ቁልቁለቱስ ታዲያ? የሚሰጡን ብስክሌቶች ፍሬናቸው ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይደክማል። ዲስክ ፍሬን ያለው ካልሆነ እምቢ ልበል? በዚያ መንገድ የወረደ ካለ ቶሎ ይንገረኝ፤ ቀሪውን ክፍያ ዓርብ መክፈል አለብኝ።