ብር ሲወርድ የነፍስ ወከፍ ገቢያችንም በግማሽ ወረደ ማለት ነው?

መምህሩ ከደሴ፦
11ኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። አንዲት ተማሪዬ «ታዲያ ከኬንያ አንጻር በአንድ ወር ደኸየን?» አለችኝ። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ ማሳቸውም ጤፋቸውም ያው ነው። ምን ብዬ ላስረዳት?

ሰናይት፦
መምህር፣ ጎበዝ ልጅ ናት! የዓለም ባንክ አገሮችን በገቢ ሲመድብ የአንድ ቀን ምንዛሪ አይወስድም። የሦስት ዓመት አማካይ ወስዶ በዋጋ ንረት ልዩነት ያስተካክለዋል፤ ድንገተኛው ለውጥ ቀስ እያለ ነው የሚታየው። ኑሮን ለማነጻጸር ደግሞ የመግዛት አቅምን ያገናዘበውን ስሌት፣ ማለትም ገንዘቡ በየአገሩ ምን ያህል እንደሚገዛ የሚያየውን፣ ያሳዩዋት። ደሴ ፀጉር የሚያስተካክልና ለንደን የሚያስተካክል ሥራቸው አንድ ነው፣ ዋጋው ግን አይገናኝም።

ዶሃ ያለሁት፦
ኳታር በነፍስ ወከፍ ገቢ ከፊተኞቹ ናት። ከነዋሪው አብዛኛው ግን እንደኔ የውጭ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው፤ አሠሪው ምግብና ማደሪያ ካላቀረበ 800 ይጨመራል። እባክዎ መምህር፣ አማካዩን ብቻ አይተው ለሚጓጉት ልጆች ይህንን ይንገሯቸው።

ሰናይት፦
ወንድሜ ልክ ነህ። አየርላንድም አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢኮኖሚዋ 26 በመቶ አደገ ተባለ። ዋናው ምክንያት የውጭ ኩባንያዎች የአእምሮ ንብረታቸውን በወረቀት ወደዚያ ማዛወራቸው ነበር። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቷ ራሱ የተስተካከለ ብሔራዊ ገቢ የሚል ሌላ መለኪያ ለማውጣት ተገደደ። መምህር፣ የአየርላንድን የሁለቱን መለኪያዎች ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉላቸው።